አሥር ቁጥርና የአየርላንዱ ሰውዬ

እሌኒዬ፣ እንዴት ዋልሽ የኔ ልጅ? ኧረ አረፍ በይ፣ ቤትሽ ዛሬ ጭር ብሏል፤ የተያዘው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው… ዞር ብለሽ አትዪ። ማኪያቶዬን አምጪልኝ፣ ስኳሩን በዛ አድርጊው፤ ሐኪሜ እዚህ ሰፈር አይመጣም። ፌርፋክስ ጎዳናን ስንት ጊዜ ዞርኩ መሰለሽ ፓርክ ለማድረግ! ያገኘሁት ክሬንሾው ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ነው። ከዚያ በእግሬ። ደግነቱ ሆዴ ቀድሞኝ ደርሶ ወንበር ያዘልኝ።

ሥራ? ደህና ነው። የምንከባከበው ሽማግሌ አለ ብዬሽ የለ፣ ሚስተር ኩዊን። አየርላንዳዊ ነው። እኔ አጎትሽ ዘለቀ ደግሞ ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ በስምምነት የተለያየሁ ሰው ነኝ፤ አየርላንድና ሆላንድ አንድ መስለውኝ፣ መጀመሪያ ቀን «ላሞቻችሁ ጥሩ ይታለባሉ አሉ» አልኩት። «አዎ» አለኝ። ተግባባን።

ሶ፣ የዚህ ሽማግሌ አባት ኳስ ተጫዋች ነበር። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል። ቤልፋስት የሚባል ከተማ፣ መርከብ ከሚሠራበት ቦታ ብረት ሲቀጠቅጥ ይሰነብትና ቅዳሜ ጎል ያገባል። እንግሊዞች አይተው ወሰዱት። አገሩንም ወክሎ ተሰለፈ። ፎቶው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ እየገባ የሰፈር ልጅ ሁሉ ይሰበስበው ነበር አለኝ። የኔ ፎቶ የት እንዳለ ታውቂያለሽ? መንጃ ፈቃዴ ላይ። እሱም ዓይኔን ጨፍኜ።

ከዚያ የሰውዬው ጉልበት ተበላሸ። ከትልቁ ቡድን ወደ ትንሹ፣ ከትንሹ ወደ ስኮትላንድ፣ ከስኮትላንድ ወደ ትውልድ ከተማው። እዚያ አምበል አደረጉት፤ እንደገና ጎል በጎል ሆነ። ሕዝቡ «ተመለሰ!» አለ። ይገርማል አይደል? ጉልበት የሌለው ሰው እንዲህ ሲያገባ… ግን እኔ ምን አውቃለሁ፣ እኔ በረኛ ነበርኩ። በረኛ ማለትም ይከብደኛል፤ በሩን ከፍቶ የሚቆም ዘበኛ በይኝ። አንዴ ኳሱ ካለፈኝ በኋላ ተወረወርኩ፤ ልጆቹ እስኪያነሱኝ ሌላ ገባ። ሆዴ ከማሊያው ሲወጣ ማንም ሳይነግረኝ ተውኩት። አሁን ለቡድናችን ልጆች በእረፍት ሰዓት ብርቱካን እልጣለሁ። ከሜዳው ይልቅ በብርቱካን ነው የምታወቀው።

እንዴ፣ ሁሉም እንደኔ ይሁን አላልኩም! አንድ የማከብራቸው ሰው አሉ… ስም ምን ያደርጋል። የቡድናችንን አሥር ቁጥር ማሊያ ከሌሎቹ ጋር ሻንጣ ውስጥ አይጨምሩትም፤ ቤታቸው ወስደው፣ አጥበው፣ ተኩሰው፣ ለብሰውት ይመጣሉ። ማኪያቶ ሲጠጡም ይለብሱታል አሉ፤ እኔ አላየሁም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ቆሞ የታጠቀው ታዲያ በምን ይፈታል? «ካረጁ አይበጁ» ያለውስ ሰው ኳስ ነክቶ ያውቃል?

ደግሞ የልጆቹ አስተዳደግ! ጎሉ ፊት ለፊት ባዶ ሆኖ፣ አንዱ ኳሷን እግሩ ሥር ይዞ፣ «ጋሼ፣ ልስጥዎት?» ይላል። ጋሼ እስኪደርሱ ይጠብቃል። እኛም እንጠብቃለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል? እየጠበቅን ያለነው እንቁላሉ እስኪሮጥ ነው። ባለፈው የኢንግልዉድን የሐበሻ ቡድን ስንገጥም፣ ተከላካያቸው ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጋሼን አሳለፋቸው። በችሎታቸው ተደምሞ ነው መቼም። ሌላ ምን ይሆናል?

ኮሪያታውን ከሚባለው ሰፈር የሚመጡት ብቻ ናቸው ያስቸገሩን። የጓቲማላ ልጆች። በስፓኒሽ ጋሼ የሚባል ነገር የለም መሰለኝ፣ ኳሷን ነጥቀው ሄዱ። ዳኛውም አጫወተ። ሰውዬው «ያልተቀጡ!» ብለው ጮኹ። እሑድ የምንገጥመው ደግሞ እነሱኑ ነው። ከተሸነፍን የጁላይ የከተሞች ውድድር ቀረብን። አሥራትን ታውቂዋለሽ፣ ያ ኡበር የሚነዳው? እሑድ እሑድ ሥራውን ትቶ ይመጣና ቤንች ላይ ይውላል፤ ልጁ በተጠባባቂነት ሸበተ። የሳንዲያጎ ቡድን ና ብሎታል። ይኼን እሑድ ካልገባ ይሄዳል። ምን ችግር አለው፣ ይሂድ! በጁላይ መጥቶ ጎል ሲያገባብን እናጨበጭብለታለን፣ የኛ ልጅ አይደል?

አዎ፣ የአየርላንዱን አልጨረስኩልሽም። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ይዘንባል፤ ሚስተር ኩዊን ያኔ ትንሽ ልጅ ሆኖ ያያል። አባትየው ኳሷን ይዞ ሲመጣ ፊቱ አንድ ጎረምሳ ተከላካይ ቆሟል። ይኼ ጎረምሳ ልጅ ሳለ ያንን የሲጋራ ፓኮ ፎቶ ሲሰበስብ የነበረ ነው። ጠጋ ሲለው ገለል ብሎ «ይለፉ ጌታዬ» አለው። ሰውዬው አለፈና አገባ። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። እሱ ግን እጁን እንኳ አላነሳም። በቀጥታ ወደ ተጠባባቂዎቹ ሄዶ፣ ማሊያውን በዝናብ አውልቆ፣ ሲጠብቅ ለከረመው ልጅ ሰጠው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሜዳውን መስመር በኖራ ሲያሰምር ተገኘ፤ እስኪሞት ያሰምር ነበር አለኝ።

ማሊያውን ሲሰጠው ለዚያ ተጠባባቂ ልጅ ምን አለው መሰለሽ? «ስንቱ ተከላካይ አጥንቴን ሰብሮት ተነስቻለሁ፤ የዛሬው ግን ሳይነካኝ ጣለኝ።»

እኔማ ይኼን ስሰማ የሽማግሌውን ሾርባ እያቀመስኩ ራሴ ላይ ደፋሁት። የሾርባው ትኩስነት ነው ያስለቀሰኝ፣ ሌላ እንዳይመስልሽ። ደግሞ የሰው አገር ታሪክ ነው፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የት አለ? ያም ሆኖ የኖራ መስመር የሚያሰምር አንድ ሰው ያስፈልገናል፤ ብርቱካን መላጥ ብቻዬን ከብዶኛል። ጥሩ ሥራ ነው፣ ጋሼ መባል እንኳ አይቀርም።

በይ ልነሳ፣ የሌሊት ሺፍት አለብኝ። መኪናዬ ጋ እስክደርስ ይነጋል። የዚያ ጠረጴዛ ወንበር ድምፅ አሰማ እንዴ? አትዪ አልኩሽ… ለእኚያ ለማከብራቸው ሰው፣ ካገኘሻቸው፣ አጎቴ እንዲህ ብሎ መርቋል በይልኝ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ጉልበታቸውን ያጽናልን። አሥር ቁጥርን ከላያቸው አያውልቅብን። እሑድም፣ እስከ ዛሬ እንደሆነው ሁሉ፣ እግዜር በፊታቸው የሚቆመውን ተከላካይ… ጨዋ ቤት ያደገ ያድርግላቸው። አሜን በይ እንጂ የኔ ልጅ።