ጭስ ቢኖረውማ

እዚህ ሰው አገር፣ ከታከር ከተማ ኮንየርስ ከተማ ወዳለው መጋዘን በምታደርሰን የሠራተኞች ቫን ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ተቀምጠው ያወራሉ።

«ልጄ ኒውክሌር ጣቢያ ሥራ ገባ» አሉ እናትየዋ።

«መብራት የሚያመነጨው? ቤኔፊቱ አሪፍ ነው ይላሉ፤ እንኳን ደስ አልዎት!»

«የምን ደስታ፣ እንቅልፍ አጣሁ እንጂ።»

«አይዞዎት እትዬ፣ ከከሰል ይሻላል እኮ። ክሊን ነው፣ ጭስ የለውም።»

«እሱም እንዲሁ ይለኛል። ጭስ ቢኖረውማ ሰው አይቶ ይሸሻል! የማይታይ፣ የማይሸት ነገር በምን ይታወቃል?»

ወጣቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ እሳቸው ዞረች።

«ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ባጅ አለች። ያለፈው ቅዳሜ ረስቶ ቤት ይዟት መጣ። እኔ ደግሞ ከክፉ ነገር የምትጠብቀው መስሎኝ፣ ተኝቶ ሳለ ጸበል ረጨሁባት።»

«ጥሩ አደረጉ።»

«ሲነቃ ነገርኩት። ‹እማዬ፣ እሷ እኮ አትጠብቀኝም፤ ጨረር ምን ያህል እንደገባብኝ ነው የምትቆጥረው› ብሎ ሳቀ።»

«ከተቆጠረማ ሴፍ ነው ማለት ነው።»

«እኔ እኮ የሚገባ ነገር መኖሩንም ያወቅኩት ያኔ ነው።»

«እና እስካሁን ስንት ቆጠረች?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ለምን?»

«ቢነግረኝስ?»

ከውጭ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታያል፤ እኔ ግን መስኮቱን ልከፍት የዘረጋሁትን እጄን ቀስ ብዬ መለስኩ።