በቀይ ቀለም የተሸፈነው ዓመት

ማክሰኞ ጠዋት ከፖስታ ቤት ስመለስ አጎቴ ኦሬስቴን የሸንኮራ ገበሬዎች ማኅበራችን አዳራሽ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ መሰላል የተጫነባትን ነጭ መኪና ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩ ነበር።

«ዳሊያ ገብታለች?» አልኳቸው።

«ከገባች አርባ ደቂቃ ሆናት። እኔ ይኼን ሥራ በሃያ ደቂቃ ነበር የምጨርሰው። ጻፈው፤ የማኅበሩ ጸሐፊ አይደለህ?»

በከተማችን በኢንግሃም ኦሬስቴን አጎቴ የማይላቸው ሰው ጥቂት ነው። ሸንኮራ ከመታጨዱ በፊት እየተቃጠለ በነበረበት ዘመን፣ ነፋሱን እሳቸው ሳያዩት ክብሪት የሚጭር ገበሬ አልነበረም። ከዚያም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአዳራሹን እሳት ማጥፊያዎች ያለ ክፍያ ጠብቀዋል። የማጥፊያ ዕቃዎቹን ቁም ሳጥን ቁልፍ አንገታቸው ላይ ከመስቀላቸው ጋር ያንጠለጥሉታል። ዘንድሮ ግን የመድን ድርጅቱ ፈቃድ ባለው ባለሙያ የተፈረመ ወረቀት ጠየቀን። ዳሊያን የጠራናት ለዚህ ነው። ቁልፉ ለእሷ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ በሚለው ላይ ሐሙስ ማታ ድምፅ እንሰጣለን።

ነገሩን ያከበደው ዳሊያ የቱሊዮ ልጅ መሆኗ ነው። ቱሊዮና ኦሬስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸንኮራ ያቃጠሉት አብረው ነበር። ባዳ ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልቆጠቆጣቸው ነበር።

«ኔሪና ዛሬ ምን እንዳደረገች ታውቃለህ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ኔሪና ባለቤታቸው ናቸው። «ክሮስቶሊ፣ ያን ስስ ጣፋጭ ቂጣ፣ ጠበሰች። ስኳሩን ነሰነሰችና የመጀመሪያውን ሳህን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ለእሷ። ማጥፊያዎቹን በማይበት ቀን የመጀመሪያው ሳህን የኔ ነበር።»

«ለእርስዎም ሳይተርፍ አይቀርም።»

«የተረፈ አልበላም።»

ቅናት በሰባ አራት ዓመት ሰው ላይ ሲያዩት ያስቃል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ያሳዝናል። ሰውየው የተቆጡት ለጣፋጭ አልነበረም። በገዛ ቤታቸው ሁለተኛ የሆኑ መስሏቸው ነበር። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው።

ዳሊያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ አንዱን ማጥፊያ ሚዛን ላይ ታስቀምጥ ነበር። ሳህኑ ከጎኗ ባዶውን ተቀምጧል።

«እንደምን አደሩ፣ አጎቴ።»

«ትመዝኚዋለሽ እንዴ? ሥጋ ቤት ከፈትሽ?»

«ከጎደለ ሾልኳል ማለት ነው።»

«እኔ በእጄ ሳነሳው አውቃለሁ።»

«እስቲ ያንሱልኝ።»

አነሱት። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩና ክብደቱን ተናገሩ። ሚዛኑ ያሳየው ከዚያ በሃምሳ ግራም ብቻ ይለያል።

«ሚዛኔን ሸጬ እርስዎን ይዤ ልዙር» አለች ዳሊያ፤ ከልቧ ነበር። የሽማግሌው ፊት በራ፤ ወደ እኔም ዞረው ጠቀሱኝ። ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም።

«አጎቴ፣ እነዚህን ማን ነው የቀባቸው?»

«እኔ ነኛ። በየዓመቱ ከማኅበራችን በዓል በፊት፣ ሁለት እጅ፣ ትራክተሬን በምቀባበት ቀለም። በዚህ አገር እንደነሱ የሚያበራ ማጥፊያ ካየሽ ንገሪኝ።»

ዳሊያ አንዱን ገልብጣ፣ «ትንሽ ልፋቀው?» ብላ ጠየቀች። እሳቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። በስለት ቀስ እያለች ከሥሩ ቀለሙን አነሳች። መጀመሪያ በብረቱ ላይ የታተመ ዓመት ወጣ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ያለፈው ነው። ቀጥሎ ቡናማ ዝገት ታየ፤ በመካከሉም ጥፍር የሚያስገባ ጉድጓድ ነበር።

«በየአምስት ዓመቱ ባዶ ተደርጎ፣ በግፊት ተፈትኖ፣ አዲስ ዓመት ሊታተምበት ይገባ ነበር» አለች። «ውስጡ የታመቀ ግፊት አለ። ብረቱ ከሳሳ፣ ያነሳው ሰው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ቀለሙ ዓመቱንም ዝገቱንም ሸፍኖታል። የት ነበር የተሰቀለው?»

«ከወጥ ቤቱ በር ጎን» አልኩ እኔ።

እሑድ እሑድ በዚያ ወጥ ቤት ዘይት አግለው የሚጠብሱት ኔሪና ናቸው። እሳት ቢነሳ ያንን ማጥፊያ መጀመሪያ የሚያነሳው እጅ የእሳቸው ነበር። ኦሬስቴ ይህን ሲያስቡ አየሁ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሆኖም ቅናት ቶሎ እጅ አይሰጥም።

«አንቺስ ይኼን ሁሉ ከየት አወቅሽ? እሳት ፊትሽን ገርፎሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። አራት ዓመት ከአንድ ቴክኒሻን ኋላ መሰላል ተሸክሜ ዞርኩ። እየሠራሁም ተማርኩ፣ ተፈተንኩ። ከዚያ ይኼን ሰጡኝ።» ካርዷን ከኪሷ አወጣች። «የእጅ ማጥፊያና የውሃ ቱቦ መመርመር እችላለሁ ይላል። የማንቂያውን ደወል ግን አልነካም፤ ለእሱ ነገ ሌላ ሰው ይመጣል።»

ኦሬስቴ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ሰማህ ጸሐፊው? ደወሉን አታውቀውም።»

«አላውቀውም» አለች ዳሊያ ሳትቆጣ። «ፈቃድ ማለት የሚያውቁትን ብቻ መፈረም ነው። እርስዎስ ነፋሱ አልገባዎት ብሎ ‹ዛሬ አይቃጠልም› ያሉበት ቀን አልነበረም?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በጣታቸው አዞሩ።

«ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አባትሽ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። የሸንኮራ አጫጆቹ ሥራ ፈተው ዋሉ ብሎ።»

«ሲያጫውተን ይኼንንም ይነግረን ነበር። ‹ኦሬስቴ አላውቅም ማለት የሚችል ሰው ስለሆነ ነው የማንም እርሻ ያልጠፋው› ይል ነበር።»

ኦሬስቴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ሲናገሩም ድምፃቸው ሌላ ነበር።

«ታዲያ እኔ አሁን ምን ልሁን? በር ላይ ቁጭ ልበል?»

«እኔ በዓመት ሁለት ቀን ነው የምመጣው፣ አጎቴ። የቀረውን ቀን ማን ያያል? የኋላው በር ላይ ወንበር ተደርድሮበታል፤ አሁን እሳት ቢነሳ በዚያ የሚወጣ የለም። በየወሩ አንድ ሰው መዞር አለበት፦ በሩ ክፍት መሆኑን፣ የግፊቱ መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን፣ የደህንነቱ ፒን አለመነቀሉን። ለዚህ ፈቃድ አይጠየቅም፤ የማይረሳ ሰው ነው የሚፈለገው። ቀለም ግን አይቀቡም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

ሐሙስ ማታ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ኦሬስቴ ብድግ ብለው ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እኔ እሳት አውቃለሁ» አሉ። «ሜዳ ላይ ያለውን እሳት። ጣሳ ውስጥ ስለታመቀው ግፊት ግን ማንም አላስተማረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በፍቅር ቀባሁት፤ ሚስቴን ሊገድልብኝ ነበር። ቁልፉ ለቱሊዮ ልጅ ይሁን።» ተቃዋሚ አልነበረም።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። እሳት አልተነሳም፤ ስለዚህ ምን ያህል እንዳተረፍን አንስቼ ላሳያችሁ አልችልም። የዚህ ሥራ ፍሬ እንዲህ ያለ ነው፤ የሚታየው ሲጓደል ብቻ ነው። ነገር ግን ሦስት የዛጉ ማጥፊያዎች ተወግደዋል። ወጥ ቤቱ ለዘይት እሳት የሚሆን ማጥፊያና ከምድጃው አጠገብ የተንጠለጠለ የእሳት ብርድ ልብስ አግኝቷል። የኋላው በር ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ የመድን ድርጅቱም ወረቀቱን አግኝቷል። የለመደ እጅና የተማረ ዓይን ተጣልተው ቢቀሩ ኖሮ ከዚህ አንዱም ባልሆነ ነበር።

ቅናቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ብዬ ግን አልዋሽም። ግድግዳው ላይ የምርመራው መዝገብ ተሰቅሏል። በዓመት ሁለቴ የዳሊያ ፊርማ አለበት፤ ትንሽና ንጹሕ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ደግሞ የኦሬስቴ አለ፤ አንድም ወር ሳይዘለል፣ ከሳጥኑ ወጥቶ የጎረቤቱን መስመር የሚረግጥ ትልቅ ፊርማ። ባለፈው ጊዜ ዳሊያ የምትፈርምበት ቦታ አጥታ ወደ እኔ ዞረችና ሳቀች።

«ተዋቸው» አለችኝ፤ ስሟንም ከእሳቸው ስም ሥር፣ ጠባቧ ክፍተት ውስጥ ጻፈችው።