የየኔታ ቀይ ቀለምና የአራሷ ለስላሳ

ማስተዋል ከወገዳ ገበያ ወጥታ ወደ እኅቷ ወደ እመቤት ቤት ስታቀና፣ በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯትን መሪጌታ ገብረ ኢየሱስን መንገድ ላይ አገኘቻቸው። እሷ የታሸገ ቲማቲም በፌስታል ይዛለች፤ እሳቸው ቀይ ለስላሳ ከነጠርሙሱ በጋቢያቸው ሥር አቅፈዋል።

«ወዴት ነው የኔታ?»

«እኅትሽን ልጠይቅ ነዋ! ብዙ ደም ፈሷታል አሉ። ይኸ ቀዩ ደም ይተካል።»

ማስተዋል በገነች። እመቤት ከወለደች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ፊቷ ሰም መስሏል፤ ብድግ ስትል ያዞራታል። ጤና ጣቢያ የሰጣትን የደም ማነስ ክኒን ግን «የኔታ ያሉትን እየጠጣሁ አይደል?» ብላ ትታዋለች። ጠያቂው ሁሉ በእሳቸው ቃል ለስላሳ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሆዷ በጋዝ ይነፋና ምግቡን ትገፋዋለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና የኔታ፣ ደም ይተካል ያለዎ ማነው?»

«ዓይን የለሽም? መልኩን አታዪም?»

«እርስዎ ቀይ ቀለም በጥብጠው የቅዱሳንን ስም ይጽፋሉ። መልኩ ደም ይመስላልና ለአራስ ያጠጡታል?»

«ቀለም ይጠጣል እንዴ? አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ!»

«እስቲ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡት።»

የኔታ ጠርሙሱን ከዓይናቸው አራቅ፣ ቀረብ አደረጉት። «ውሃ... ስኳር... ጋዝ... ማጣፈጫ...» «ቀለም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጠርሙሱን ወደ ጋቢያቸው ሥር መለሱት። ግን እጅ አልሰጡም።

«ያንቺስ? ቆርቆሮ ውስጥ የከረመ!»

«እኔም ትኩሱን በመረጥሁ። ክረምት መንገዱ ሲበላሽ ተጨማልቆ ነው የሚደርሰው። ይኸም ቢሆን ቲማቲም ነው። ብቻውን ደም ይተካል አልልም፤ ከምስር ጋር ሲሠራ ግን ያለው ቫይታሚን ሲ የምስሩን ብረት ሰውነቷ እንዲወስደው ያግዛል። ጨው ያልበዛበትን መርጬ ነው የገዛሁት። የክኒኑን ቦታ ግን አንዱም አይተካውም። የእርስዎ ጠርሙስ ቫይታሚን የለው፣ ብረት የለው፤ ስኳር ብቻ! እኔ ስነግራት አትሰማኝም፤ የምትሰማው እርስዎን ነው። ብትሞትስ በማን ቃል ነው?»

«በስመ አብ!» አሉ የኔታ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከአኮፋዳቸው ብርዕና ቁራጭ ወረቀት አወጡ፤ የጠርሙሱን ክዳን ከፍተው ብርዑን ለስላሳው ውስጥ ነከሩና «ደም» ብለው ጻፉ። ፈዛዛ ቀይ ፊደል ወጣ። ወዲያው አንድ ዝንብ አረፈበት፤ ሌላም ተከተለ።

«ዝንብ አነበበው» አሉ በንዴት። «ለሰው ሆድ የቀለም ውሃ!» ብድግ ብለውም ጠርሙሱን መንገዱ ላይ ደፉት።

ማስተዋል አልሳቀችም። ማንኛችንም ብንሆን በደግነት ስም የታመመ ሰው ሆድ ውስጥ ስኳር ስናፈስ ኖረናል። አራስ የሚያስፈልጋት ጥራጥሬና አትክልት፣ ንጹሕ ውሃ፣ የታዘዘላት ክኒን ነው፤ ይህን የሚነግራት ደግሞ የምታምነው ሰው መሆን አለበት።

እቤት እንደ ገቡ የኔታ ሳይቀመጡ ጠየቁ፦ «እመቤት፣ ክኒንሽ የታለ?» በውሃ እስክትውጠው ድረስ ቆመው ጠበቋት። ምስሩ በቲማቲም ተሠርቶ ሲቀርብም ሳህኑን አስጨረሷት።

ወዲያው ጎረቤቷ ቦጋለች በነጠላዋ ሥር ቀይ ጠርሙስ ይዛ ብቅ አለች። የኔታ ከደጅ አስቀሯት፦

«ቦጋለች፣ እሱን መልሺና ምስር ይዘሽ ነይ። ቀለም እኔም ቤት አለ።»