ጥቁሮቹ የጎደሉት ፒያኖ

እኔ ነጋዴ ሲያታልለኝ ቶሎ አውቃለሁ ባይ ነኝ። ታዲያ ለልጄ ዲጂታል ፒያኖ ልገዛ አብረን ከመንደራችን ከሀቢቾ ወደ ሆሳዕና ከተማ ሄድን። ባለሱቁ አንዱን አውጥቶ ሰካላት። ጣቶቿን አሳረፈችና ቆም አለች። «አባዬ፣ የዚህ ጥቁሮቹ ቁልፎች ጎድለዋል።» ጎንበስ ብዬ ሳይ እውነቷን ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሁለት ነጮች ተጣብቀው መሃላቸው ጥቁር የለም። «ወንድሜ፣ ሙሉውን አምጣልን እንጂ!» አልኩት። ሌላ አመጣ፤ እሱም ጎዶሎ። ትልቁን ከላይ አወረደ፤ ያው ነው! ግራ ገባኝ። ሁሉም እንዴት እዚያው ቦታ ላይ ይጎድላል? ባለሱቁ ከኔ ብሶ ግራ ገብቶት፣ «ጋሼ፣ ፒያኖ እኮ ከጥንትም እንዲህ ነው። ለመሆኑ ልጅቷ በምን ተለማመደች?» አለኝ።

የተለማመደችው እኔው ጠረጴዛችን ላይ በማርከር በሳልኩላት ፒያኖ ነው። ዓመት ሙሉ! የቤተክርስቲያኑን ከሩቅ አይቼ፣ በየነጩ መሃል ጥቁር ደርድሬላት። የመጀመሪያውን ገዝተን ቤት እንደገባን፣ እያፈርኩ ስዕሉን ላጠፋ እርጥብ ጨርቅ አነሳሁ። ልጄ እጄን ያዘችኝ።

«ተው አባዬ! እሱ ላይ የምጫወተው መዝሙር ይሄኛው ላይ የለም።»