በጉም የተተኮሰች ጥይት

እግዜር ሰው ማገናኘት ሲሻ መንገድ አያጣም። በደርግ ጊዜ፣ ኮን ከተማ ከሚያስተምረው ልጄ ከሸጋው ጋር ጋሸና ላይ የላሊበላ መኪና ስንጠብቅ ታላቅ ወንድሜን ደባሱን አገኘነው። ጠመንጃው እንደ ልማዱ ትከሻው ላይ ነው። ከጎረቤቱ ከቢሆነኝ ጋር በአባቶቻቸው ጊዜ ደም ተቃብተዋል። ሽማግሎች ለእሁድ ቀጥረዋቸዋል፤ ሁለቱም ጠመንጃቸውን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አኑረው እንዲታረቁ። ደባሱ ግን አሻፈረኝ ብሏል።

"እሁድ ይመጣሉ አይደል፣ አጎቴ?" አለው ሸጋው።

"ባዶ እጄን? ቢሆነኝ እንዲስቅብኝ! አንተ ደግሞ አቶሚክ ቦምብ ከዓለም ይጥፋ እያልክ ታስተምራለህ አሉ። ትልልቆቹ መንግሥታት የማይዋጉት እኮ ስለሚፈራሩ ነው። እኛም እንደዚያው ነን።"

"ጃፓን ላይ ሲጣል ሁለት ከተማ ከነሕፃናቱ ነደደ። የዛሬው ይብሳል። ጢሱ ፀሐይ ቢጋርድ፣ ጠብ የማያውቀው የላስታ ገብስም አይበቅልም ይላሉ አዋቂዎቹ።"

"ከተፈራሩ ማን ይተኩሳል?"

"ስሕተትስ፣ አጎቴ? አምና በጉሙ የተኮሱት ማን ላይ ነበር?"

ጉም በወረደበት ማለዳ ጋቢ የተከናነበ ሰው በአጥሩ ሲመጣ፣ ደባሱ ቢሆነኝ መስሎት ተኩሶ ነበር። ከኪዳን የምትመለሰው የገዛ ልጁ ወለተ ሐና ነበረች። ጥይቷ ጋቢዋን በስታ አለፈች።

"ሩፋኤል አተረፋት" አለ ደባሱ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

"የእርስዎ አንዲት ጥይት ነበረች። መንግሥታቱ እንደ እርስዎ በጉም ቢሳሳቱ የማን ልጅ ይተርፋል?"

"እኔ ሳወርድ ቢሆነኝ ቢደብቅስ? መምህር ተብለህ ሞኝ!"

"ብቻዎን ያውርዱ ማን አለ? እኩል ነው። ሽማግሎችም የሁለታችሁን ቤት እስከ ጎተራው ይፈትሻሉ። መንግሥታቱም እንዲሁ ያድርጉ ነው የምለው፤ እኩል ያውርዱ፣ ገላጋይ ገብቶ ይፈትሽ፣ ዳግም የሚሠራም አይኑር።"

"ለነሱ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?"

"ከየአገሩ። ከእኛም።"

እኔም አላስቻለኝም፦ "ጋሼ፣ በናንተ ፍርሃት በሁለታችሁ ድንበር ያለው መሬት ጦም አደረ፤ ልጅህም ኪዳን መሄድ ትታለች።"

መኪናው መጣና ተሳፈርን።

እሁድ ግን ደባሱ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መጣ። እሱ የቢሆነኝን እጅ ያያል፣ ቢሆነኝ የእሱን። ከሽማግሎቹ አንዱ ቄስ አለሜ "እኩል!" አሉ። ሁለቱ ጠመንጃዎች አንድ ላይ መሬት ነኩ።

ደባሱ ወደ ሸጋው ዞሮ "እንግዲህ ለነዚያ መንግሥታት ንገራቸው፤ ደባሱ አወረደ በላቸው!" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

በዚያው ዓመት የድንበሩን መሬት በሬ አቀናጅተው አረሱት። ወለተ ሐናም ያንኑ የተበሳ ጋቢ ለብሳ ኪዳን መሄድ ጀመረች። ልጆቼ፣ ሁለት የላስታ ገበሬዎች የቻሉትን ትልልቆቹ እንዴት ያቅታቸዋል? እግዜር ልብ ይስጣቸው። በጉም ውስጥ የምትመጣው የማን ልጅ እንደሆነች ተኳሽ አያውቅም።