ሦስት ጊዜ ጠይቂኝ

ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ከተማ፣ ዌርሃውስ (የዕቃ መጋዘን) ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ሉፔ የምትባል ሜክሲኳዊት ባልደረባዬ ምሳ ሰዓት ላይ ትኩስ ታማሌ ዘረጋችልኝ። በበቆሎ ሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ነው፤ ሽታው ብቻ ምራቅ ያስውጣል። እኔ ደግሞ አስተዳደጌን አልረሳሁምና "ኖ፣ ግራሲያስ"፣ አይ አመሰግናለሁ፣ ብዬ ተግደረደርኩ። "በሞቴ!" እስክትለኝ ስጠብቅ፣ እሷ "ኦኬ" ብላ ሳህኑን አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ አዞረችው። ያን ቀን በባዶ ሆዴ ካርቶን ስገፋ ዋልኩ።

ሶ፣ ሉፔ እንግሊዝኛ አይሆንላትም፤ ስፓኒሽ መማር ግድ ሆነ። በየቀኑ ወደ ሥራ ስነዳ ስልኬ ስፓኒሹን እያለልኝ እኔ እየደገምኩ፣ በሁለት ሳምንት አንዲት ንግግር አጠናሁና ፊቷ ቆምኩ፦ "እኛ አገር መጀመሪያ እምቢ የምንለው ለወጉ ነው። ሁለተኛውም ለወጉ ነው። ሦስተኛ 'በሞቴ' ስትዪኝ እበላለሁ።" እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ጠግቤ ነው የምውለው።

ባለፈው አርብ ግን መጣችና "እሁድ በእኔ ፈንታ ሥራ ትገባልኛለህ?" አለችኝ።

"ኖ!" አልኩ፣ ከልቤ።

አንድ ጣት አወጣች። "ትገባልኛለህ?"

"ኖ! ሉፔ፣ ማለቴ፣ ይሄኛው የእውነት ነው!"

ሁለተኛ ጣቷን አወጣች። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ "በሞቴ" አለችኝ።

በሞቴ ተብሎ ማን እምቢ ይላል? እሁድ ገባሁ። ምሳ ሰዓት ላይ የሥራ ቦታውን ፍሪጅ ስከፍት ስሜ የተጻፈበት ታማሌ ተቀምጧል። ማንም ሳይለምነኝ በላሁት።