ሰባት ኪሎ ሜትር

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ አገራችሁ መመለሱን ትታችሁ ከእኛ ጋር እዚህ የቆማችሁ እንግዶቻችን፤ ከሁሉም በላይ አንቺ እህቴ፣ ባለቤቱ፤ አንቺም ልጄ፣ የእሱ ልጅ።

እግራችሁን አመሰግናለሁ።

እኔ ሾፌር ነኝ፤ ንግግር አላውቅም። ንግግር የእሱ ሥራ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኔ ነዳሁ፣ እሱ ተናገረ። ዛሬ እሱ ተኝቶ እኔ ልናገር ቆሜያለሁ። ይሄ ነገር ገና አልገባኝም። ብትስቁብኝም ሳቁ፣ ግን አልገባኝም።

ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ሰው ሲያጽናናኝ እሺ እሺ እላለሁ፤ እውነቱን ብትጠይቁኝ ግን አላመንኩም። ትናንት ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት። ለምን እንደደወልኩ አላውቅም፤ ጣቴ ለምዶ ነው። ስልኩ ሴት ልጁ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አነሳችው። ትንሽ ቆይተን ዘጋነው።

ማን ያምናል? ሃምሳ አንድ ዓመቱ እኮ ነው። ሲጋራ በአፉ አልዞረም። የአሮጌ ቤተ መንግሥት ደረጃ ሲወጣ ጎረምሶቹን ከኋላው እያስለከለከ፣ እላይ ቀድሞ ደርሶ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ነበር። የደም ግፊት ያለብኝ እኔ ነኝ። ሐኪም ጨው ተው ያለው እኔን ነው። ኪኒኔን በየጠዋቱ የሚያስታውሰኝ እሱ ነበር። በዚያች ጠዋት እንኳ የሆቴሉ በር ላይ ኪኒኑንና ውሃውን ይዞ ጠበቀኝ። ዋጥና እንሂድ አለኝ። ዋጥኩ። ሄድን። ሁለት ሰዓት አልሞላም፣ እሱ የለም። መሄድ የነበረበት ማን ነበር? እስቲ ንገሩኝ፣ ማን ነበር?

በቅርብ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ወዳጄ አስጎብኚ ነበር። መጀመሪያ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ሰው ዓለምን ከካርታ ላይ ሲማር አንጀቴ ይቃጠላል ብሎ ጠመኔውን ጣለና ማይክ ያዘ። የእኛ ጉዞ አሥራ አራት ቀን ይፈጃል። ሦስት የጥንት ከተሞች አሉ፣ ቀጥሎ ተራራው፣ ቀጥሎ በረሃው። በዓመት አሥር ጊዜ እንመላለስበታለን። እኔ ጉድጓዶቹን በቁጥር አውቃቸዋለሁ። እሱ ድንጋዮቹን በታሪክ ያውቃቸው ነበር።

ሾፌሮቹ ስሙን ረስተን "ቆይማ" ነበር የምንለው። ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር "ቆይማ፣ አንድ ነገር ሳልነግራቸው" ይላል። አንድ ነገር! አንድ ፍርስራሽ ግድግዳ ፊት አርባ ደቂቃ አስቁሞኛል። ምሳው ይቀዘቅዛል፣ ሆቴሉ ይደውላል፣ እኔ መሪውን እደበድባለሁ። እሱ ወይ ፍንክች። ያላበሸቀኝ ቀን አልነበረም። ሞተ ብለን መልአክ አናድርገው፤ እሱም አይወድም።

ግን ስሙኝ። በሁለተኛዋ ከተማ አንድ ትልቅ በር አለ። ቁልፉን የያዙት ሽማግሌ ጠባያቸው ከበሩ ይከብዳል። አንድ ቀን ጎማ ፈንድቶብን ዘግይተን ደረስን። ሽማግሌው ቆልፈው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ሊሄዱ ነው። እኔ ለመንኳቸው። አንገታቸውንም አላዞሩልኝም። እሱ ግን አልለመነም። እንግዶቹን በሩ ፊት ካለው ደረጃ ላይ አስቀመጣቸው፤ ጀርባውን ለበሩ ሰጠና ስለማናየው ግቢ ማውራት ጀመረ። የግቢው ጌታ ዘመቻ የሄደ ልጁን ከየትኛው መስኮት ይጠብቅ እንደነበር፤ ልጁ ሲቀርበት መስኮቱን እንዴት በድንጋይ እንዳስደፈነው። ሽማግሌው ሁለት እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። ደግሞ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። በመጨረሻ ተመልሰው መጥተው ደረጃው ላይ ከእንግዶቹ መሃል ቁጭ አሉ። ታሪኩ ሲያልቅ ተነሱ፣ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። "ሠላሳ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ግቢ ነው። እስቲ እኔም መስኮቱን ልየው" አሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በር አያንኳኳም። ከውስጥ ያስከፍታል።

ተራራው ላይ ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ ጉም ዋጠን። የመኪናዬን አፍንጫ ማየት አቃተኝ። በስተቀኝ ገደል ነው፣ በስተግራ ግድግዳ። መቆም አይቻልም፤ ከኋላ የጭነት መኪና ከመጣ ያለቀልን ነን። ከኋላ አንዲት እናት ታለቅሳለች። እኔም ልሸሽጋችሁ አልችልም፣ ፈርቼ ነበር። እሱ ከወንበሩ ተነሳ። ሹራቡን አወለቀ። ነጩን ሸሚዙን አወለቀ። ይህቺ እህታችን የሰፋችለትን ሸሚዝ ነው። ወረደ። ሸሚዙን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ከፊቴ በእግር ሄደ። አራት ኪሎ ሜትር! በዚያ ብርድ በግማሽ ገላው፣ አራት ኪሎ ሜትር! እኔ ነጯን ጨርቅ ብቻ እያየሁ ተከተልኩ። ከጉሙ ስንወጣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ገባና ማይኩን ያዘ። "በስተቀኛችሁ ያለው ሸለቆ በጣም ያምራል፤ ያላያችሁት ጥፋቱ የእኔ አይደለም" አለ። ያቺ የምታለቅሰው እናት ሳቀች።

አንድ ልጨምር። ለማለፍ ፈልጌ ነበር፣ ማለፍ ግን አልችልም።

በሦስተኛዋ ከተማ ያለውን ግንብ ከአባትና ልጅ ነገሥታት አባትየው ነው ያሠራው ብሎ ለዘጠኝ ዓመት ሲናገር ኖረ። አንድ ቀን መጽሐፍ ሲያነብ ያሠራው ልጅየው መሆኑን አገኘ። እኔና እናንተ ብንሆን ምን እናደርጋለን? ከነገ ጀምሮ አስተካክለን እንናገራለን፣ አለቀ። እሱ የእነዚያን ሁሉ መንገደኞች አድራሻ ከቢሮ አወጣ። ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ጻፈላቸው። ተሳስቼ ነግሬአችሁ ነበር፣ ይቅርታ፣ ልጅየው ነው፤ እያለ። አብዛኞቹ አልመለሱም። አንዱ ሰውዬ እንዲያውም "ማነህ?" ብሎ ጻፈለት። ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም። "ከእኔ የሰሙትን ለልጆቻቸው እኮ ይነግራሉ" አለኝ።

ወገኖቼ፣ እኔም የማርመው አለኝ።

ለብዙዎቻችሁ፣ ወዲያው ነው ያረፈው፣ ወዲያው ደረስንለት፣ ብያችኋለሁ። እንደዚያ አልነበረም።

አሥራ አንደኛው ቀን ነው። በረሃው ውስጥ ነን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ከኋላ አሥራ አምስት እንግዶች አሉ። ነፋሱ አሸዋውን አስፋልቱ ላይ ይበትነዋል፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም። እሱ እንደ ወትሮው ጋቢና ከጎኔ ተቀምጧል። ኮፍያ አድርጓል፣ ጥቁር መነጽር አድርጓል። አንድ የጥንት የውሃ ጉድጓድ አልፈን ስለሱ እያወራ ነበር። "ነጋዴዎቹ እዚህ ሲደርሱ ግመሎቻቸውን ያጠጣሉ፤ ከዚህ በኋላ ግን" አለ።

ዝም አለ።

አብራችሁት የተጓዛችሁ ታውቃላችሁ፤ ዝም ማለትም ሙያው ነበር። ከጉድጓዱ ቀጥሎ ትልቁ የአሸዋ ተራራ ይመጣል። እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ያቋርጣል። እኔ ካወራሁ ማን ያያል ይላል። እንግዶቹ ዝም ብለው በመስኮት አዩ። እኔም ዝም ብዬ ነዳሁ። የአሸዋው ተራራ አለፈ። ነዳሁ። ዛሬስ አስረዘመው አልኩ በልቤ። ነዳሁ።

ከኋላው የተቀመጡ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ይኸው እዚህ አሉ። ማይኩ ከእጁ ተንሸራቶ ሲወድቅ አዩት። መጥተው ትከሻዬን ነኩኝ። "ሾፌር፣ አቁም" አሉኝ። አልጮኹም። ያስደነገጠኝ አለመጮሃቸው ነው።

ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። በኋላ ቆጣሪዬን አይቼ አሰላሁት። ከጉድጓዱ እስከቆምንበት ድረስ ሰባት ኪሎ ሜትር። ወንድሜ ከጎኔ ነበር፣ በክንዴ ልነካው እችል ነበር፣ እኔ ግን አሸዋ እያየሁ ሰባት ኪሎ ሜትር ነዳሁ።

አውርደን መንገዱ ዳር አስተኛነው። እንግዶቹ ጨርቅ ዘርግተው ፀሐዩን ከለሉለት። ነርሷ አርባ ደቂቃ ደረቱን ሲጫኑ ቆዩ፤ ጉልበታቸው ሲያልቅ ሌሎቹ እየተቀባበሉ ቀጠሉ። በኋላ እሳቸውም፣ የጤና ጣቢያው ሐኪምም ነገሩኝ። በአንድ አፍታ ነው የሄደው፣ ወዲያው ብታቆምም ምንም አይለወጥም ነበር አሉ። እነሱ ያውቃሉ። እኔ ሾፌር ነኝ፤ እኔ የማውቀው ሰባት ኪሎ ሜትር ምን ያህል እንደሚረዝም ነው።

ከበረሃዋ ከተማ አውሮፕላን ነበረ። ድርጅቱ ለእንግዶቹ ትኬት ቆረጠላቸው። አንዳቸውም አልሄዱም። እሱን የያዘው መኪና ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን የመጣንበትን መንገድ ሁለት ቀን ተመለስን። ማደያው ጋ ስንደርስ ቀጂዎቹ ሥራቸውን አቁመው መንገድ ዳር ተሰልፈው ነበር። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። የተራራው ሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ሽርጧን ሳትፈታ ወጥታ፣ የመኪናውን መስታወት በእጇ ዳሰሰች። ወደ ታች ስንወርድ አንዱ እንግዳ፣ ያ ከርቀት የሚታየው ፍርስራሽ ምንድነው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ልል አፌን ከፈትኩ። ታሪኩ እንዳለ ወጣ። በእሱ ቃል፣ በእሱ አረፍተ ነገር፣ እሱ ቆም የሚልበት ቦታ ላይ ቆም እያልኩ። ከራሴ ድምፅ ደነገጥኩ። መኪናውን ዳር አስይዤ አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ የከበደው ይቀረኛል። ቤቷ ስደርስ ይህቺ እህቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። መጨረሻ ላይ ምን አለ አለችኝ። ግመል ልበላት? ጉድጓድ ልበላት? ስምሽን ጠራ አልኳት። ዋሸኋት። ዛሬ ጠዋት፣ እናንተ ግቢ ውስጥ ስትሰባሰቡ፣ የልብስ ስፌት ክፍሏ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት። ጉድጓዱንም፣ ሰባቱን ኪሎ ሜትርም።

የስፌት መኪናዋ ላይ የተሰካውን ክር ስትነካካ ቆየችና "ስሜን ጠራ ስትለኝም አላመንኩህም። በሥራ ሰዓት ስሜን ጠርቶ አያውቅም" አለችኝ።

ይቅርታ አልኳት።

"ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ" አለች። "ወሬ ጀምሮ መሃሉ ላይ ዝም ሲል፣ እኔም ብሆን እጠብቀው ነበር።"

ለሰውም እንደሆነው አድርገህ ንገር አለችኝ። ነገርኳችሁ። ቀለለኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን እንደሆነው ነገርኳችሁ።

ልጄ ሆይ፣ አባትሽ ሁለት ዓይነት ሰው አልነበረም። ማይክ ይዞ ያየሽውም፣ ቤት ውስጥ ያየሽውም አንድ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ስላንቺ አያወራም፤ ምሳ ላይ ስንቀመጥ ግን ሌላ ወሬ አልነበረውም። የፈተና ውጤትሽን ከእናትሽ እኩል አውቀዋለሁ። ያቺን የሒሳቧንም ጭምር። የጎደለሽ ነገር ካለ እዚሁ ነኝ። ይሄን የምልሽ ሰው ፊት ስለቆምኩ አይደለም።

ወንድሜ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከሚስቴ ይልቅ ካንተ ጋር ነው ብዙ የተቀመጥኩት። ግን ዛሬ ጠዋት ስላጭ አንድ ነገር ሰቀጠጠኝ፤ ወደ እኔ የነበረውን የፊትህን ግራ ወገን ሳላውቀው ቀረሁ። አየህ፣ አንተ በቀኜ ነህ፣ ሾፌር ደግሞ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው። ስትቀልድ ሳላይህ ሳቅኩ። ስታዝን ሳላይህ በድምፅህ አወቅኩ። ስትሞትም ሳላይህ ሞትክ።

ዛሬ መንዳት የለብኝም። ቁልፉን ለቢሮው መልሻለሁ፤ ለዛሬ ብቻ። የሚደውል ሆቴል የለም፣ የሚያስቸኩለኝ ሰው የለም። ዛሬ ዞሬ ፊት ለፊትህ ቆሜያለሁ፣ አንተን ብቻ እያየሁ ነው።

ደህና ሁን ወንድሜ። በሰላም ሂድ።